ስለ መንገድና ስለ መንገድ ባልንጀራ

በግእዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘ፥ መንገድ ሄደ ማለት ነው። «ነግድ» ማለትም መንገደኛ፥ እንግዳ ማለት ነው። ዛሬ በአማርኛ መንገድ፥ ነጋዴና እንግዳ የምንላቸው ሦስቱ ቃላት ከዚሁ ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው። ቋንቋው መንገዱንና እንግዳውን በአንድ ሥር ማገናኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው ከቤቱ ደጃፍ አልፎ መንገድ በጀመረ ጊዜ ባለቤትነቱ ቀርቶ እንግዳ ይሆናልና። ባለጸጋውም ድኻውም፥ ሊቁም ተማሪውም፥ ፀሐይ ሲበረታበት አንዱን ጥላ ይፈልጋል፤ ሲጠማውም ከአንዱ ምንጭ ይጠጣል።

መምህራን የሰውን ሕይወት ሁሉ በመንገድ እየመሰሉ ያስተምሩናል። ይህ ትምህርት በሁላችን ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ ዛሬ አንደግመውም። ልንመረምረው ያሰብነው ከዚህ ዝቅ ያለ የሚመስል፥ ነገር ግን በየቤታችን የሚገኝ ጥያቄ ነው። ይኸውም፦ ሰው ከወላጆቹ፥ ከትዳር ጓደኛው፥ ከልጆቹና ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ በመንገድ የሚያሳልፈው ጊዜ ምንድር ነው? እስኪደርሱ ድረስ በትዕግሥት የሚታለፍ ባዶ ጊዜ ነውን? ወይስ ራሱን የቻለ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው? ስጦታስ ከሆነ ተቀባዩ ምን ዕዳ አለበት?

በቀድሞ ዘመን ይህ ጥያቄ እንዲህ ጎልቶ የሚነሣ አልነበረም። ወደ አክሱም፥ ወደ ላሊበላ፥ ወደ ግሸን የሚሳለም ሰው ሳምንታትን፥ አንዳንዱም ወራትን በእግሩ ይጓዝ ነበርና መንገዱን ከኑሮው ለይቶ ሊቈጥረው አይችልም ነበር። የአብነት ተማሪም ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፥ ከቅኔ ቤትም ወደ መጻሕፍት ቤት ሲሻገር ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ ከጓደኛው ጋር ቀለሙን እየከለሰ ይሄዳል፤ ከመምህሩ እግር ሥር ያልገባው ምሥጢር አቀበት ሲወጣ በጓደኛው አፍ የተገለጠለት ጥቂት አይደለም።

ከዚያ በኋላ በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ላሊበላ በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ይህን ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ በሽተኛው፥ ደካማውና ሽማግሌው በሕልሙ ብቻ ያየው የነበረውን ደብር በዓይኑ እንዲያይ አድርጎታልና። ነገር ግን የመንገዱ ማጠር በልባችን ውስጥ አንድ አሳብ አሳድሮብናል፤ እርሱም «የመንገድ ጊዜ የጠፋ ጊዜ ነው» የሚል ነው። ሰዓት እየቈጠርን «መቼ እንደርሳለን?» እንላለን እንጂ አሁን ከማን ጋር እንዳለን አናስብም። እኛም የምንለው ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን ነው።

ምክንያቱን እንመልከት። ሰው በቤቱ ሳለ ሁሉም በየቦታውና በየሥራው ነው። አባት በወንበሩ፥ እናት በጓዳዋ፥ ልጅ በትምህርቱ፥ ሁሉም በየጉዳዩ ተይዞ ይውላል። በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ አንዱ የሌላውን ልብ ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። መንገድ ሲወጡ ግን ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። አባትም ልጅም በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያቀናሉ፤ ከአንድ አገልግል ይቈርሳሉ፤ አንዱ ቢደክመው የሁሉም መንገድ ይዘገያል። እጅ ከሥራ ያርፋል፤ ወዴትም የሚነሡበት ስለሌለ ንግግር ቢቋረጥም ዝምታው አያሳፍርም፤ ከዝምታውም በኋላ በቤት ያልተነገረ ነገር ራሱ ይመጣል። ልብ የሚከፈተው በጥያቄ ብዛት ሳይሆን በጊዜ ርዝመት ነው። መንገድም ይህን ርዝመት ሳንለምነው ይሰጠናል።

መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ይህን ያስተውላል። ዓይነ ስውሩ ጦቢት ልጁን ጦብያን ከነነዌ ወደ ሜዶን ምድር፥ በራጌስ በአደራ የተቀመጠውን ዐሥር መክሊት ብር እንዲያመጣ ላከው። ነገር ግን አባትዬው መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ብሩ ሳይሆን ከልጁ ጋር ማን እንደሚሄድ ነው፤ የባልንጀራውን ወገንና ዘመድ ሳይመረምር አላሰናበተውም። እናቱ ሐናም ልጅዋ ሲሄድ አለቀሰች፤ ብሩ ከልጅዋ ጋር ሲመዘን በዓይንዋ ቀለለባት። ጦብያም ከነውሻው ወጣ፤ አዛርያስ ነኝ ብሎ አብሮት የሄደው መልአኩ ቅዱስ ሩፋኤል ነበር። በዚያ መንገድ ምን ተገኘ ብንል፥ ብሩ ከተገኘው ሁሉ ያነሰው ነው። ሚስት ተገኘች፤ የአባቱም ዓይን መድኃኒት በጤግሮስ ወንዝ ዳር ተገኘ። የተላኩበት ጉዳይ አንድ፥ በመንገድ የተቀበሉት ግን ብዙ ሆነ።

ወደ ዘመናችንም ስንመለስ፥ ከምናውቃቸው ምእመናን አንዱ ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ እንድንናገር የፈቀደልን ነገር አለ። ይህ ሰው በአሜሪካ አገር ዐሥራ አራት ዓመት ኖሮ በ2010 ዓ.ም. ለልደት በዓል ወደ አገሩ መጣ። እናቱም ታኅሣሥ 29 ቀን ላሊበላ ተገኝተው ለመሳለም ስለት ነበረባቸው። ልጁ የዕረፍቱ ቀን ጥቂት ስለ ነበረ በአውሮፕላን ሊወስዳቸው አሰበ፤ እናቲቱ ግን «በምድር እንሂድ፤ አገሩን እያየሁ» አሉ። ልጁም ሁለት ቀን በመንገድ ማለፉ እየቈጨው፥ ስለ እናቱ ፈቃድ ሲል መኪና ተከራይቶ ተነሡ።

ደብረ ብርሃንን አልፈው፥ የጣርማ በርን ዋሻ ተሻግረው የደብረ ሲናን ቍልቍለት ሲወርዱ እናቲቱ መናገር ጀመሩ። በልጅነታቸው በዚያ ቍልቍለት ከአባታቸው ጋር በጭነት መኪና ላይ ተቀምጠው እንደ ወረዱ ነገሩት። ኮምቦልቻን አልፈው ወደ ደሴ ሲወጡ፥ ከእርሱ በፊት ተወልደው በሕፃንነታቸው ያረፉትን የሁለት ወንድሞቹን ስም ነገሩት፤ ልጁ እስከዚያ ቀን ወንድሞች እንደ ነበሩት አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ሐይቅ ዳር ምሳ ሊበሉ በተቀመጡ ጊዜ ደግሞ፥ ወልድያ ከምትኖር እኅታቸው ጋር በርስት ነገር ከተጣሉ ሃያ ዓመት እንዳለፋቸው፥ ይህም ነገር ከቍርባን እንዳራቃቸው እያለቀሱ ነገሩት። በመመለሻቸው ወልድያ ላይ ወርደው እኅትማማቾቹ ታረቁ።

ይህ ሰው እንዲህ አለን፦ «ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ እናቴን በስልክ አነጋግራት ነበር። ደኅና ነሽ እላታለሁ፤ ደኅና ነኝ ትለኛለች። ከዚህ ሌላ ግን አንድም ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።» ስልኩ በእውነቱ መልካም ነገር ነው፤ በሩቅ ያለውን ድምፅ ያቀርባልና። ነገር ግን የሃያ ዓመት ቂም ለጥቂት ደቂቃ ጥያቄ አይወጣም። ቂሙ እንዲወጣ የደብረ ሲና ቍልቍለት፥ የደሴ አቀበት፥ የሐይቅ ዳር ጥላም አስፈለገ። ልጁ የጠፋ ጊዜ ያለው ሁለት ቀን ለእናቱ ነፍስ የተገኘ ጊዜ ሆነ።

እንግዲህ አብሮ መሄድ ብቻውን ይበቃልን? አይበቃም። ጌታችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ለፋሲካ በዓል ወጥተው ሲመለሱ የሆነውን እናስታውስ። ከመንገደኞቹ ጋር መስሎአቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ከዘመዶቻቸውና ከሚያውቋቸው መካከልም ፈልገው አጡት። ይህን የምናነሣው እመቤታችንንና አረጋዊውን ዮሴፍን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሐሰ! ነገሩ ለእኛ ምሳሌ ስለሚሆን ነው። እነርሱ ፈልገው በሦስተኛው ቀን በመቅደስ አገኙት። እኛ ግን በአንድ መኪና ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀምጠን፥ አባት በእጁ ስልክ፥ ልጅ በጆሮው ማዳመጫ፥ እናት በአሳብዋ ተይዘው የአንድ ቀን መንገድ እንሄዳለን፤ እንደ ተጠፋፋንም አናውቅም፤ ስለማናውቅም አንፈላለግም። ከሁሉ የሚያሳዝነው መጥፋት የጠፋው ሰው በአጠገብ ተቀምጦ ሳለ የሚደርሰው ነው።

ምናልባት ከአንባብያን መካከል፥ ይልቁንም ከገዳማውያን አባቶች፥ እንዲህ ሲል የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል፦ «ተሳላሚ ልቡን ወደሚሳለመው ቅዱስ ቦታ ሊያቀና ይገባዋል እንጂ በመንገድ ጨዋታ ደስ ሊሰኝ ይገባልን? ዝም ብሎ ቢጸልይ አይሻልምን? ዘመድን አብዝቶ መውደድስ እግዚአብሔርን ከመውደድ አያዘገይምን?» ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በስለት ስም ወጥተው መንገዱን በመጠጥ፥ በዘፈንና በሰው ሐሜት የሚፈጽሙ እንዳሉ ሁላችን እናያለን። እንዲህ ያለው ጉዞ ከቤት መዋልን አያህልም።

ሆኖም ቤተ ክርስቲያናችን ራስዋ ስለ መንገድ ምን እንደምታስብ ከሥርዓትዋ እንረዳለን። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉትን አርባ ቀኖች ዘመነ ጽጌ ብላ ለይታ፥ እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ከአረጋዊው ዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደ ግብጽ የተሰደደችበትን መንገድ ታስባለች፤ ሌሊቱንም በማኅሌት ታድራለች። የምታስበው መድረሻውን ብቻ አይደለም፤ ረኃቡን፥ ጥሙን፥ የአሸዋውን ግለት፥ እናት ልጅዋን አዝላ የሄደችበትን ድካም ጭምር ነው። የአራት መንገደኞች ድካምና መተሳሰብ ለአርባ ቀን ምስጋና ከበቃ፥ ከምንወዳቸው ጋር የምንሄድበት መንገድ ከጸሎት ውጭ ነው ልንል እንዴት እንችላለን?

የፍቅሩንም ዓይነት የምንለይበት ምልክት አለ። ቀለዮጳና ባልንጀራው ከኢየሩሳሌም ስድሳ ምዕራፍ ወደሚርቀው ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ ኀዘናቸውን እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ነበር። ወደ ቅዱስ ቦታ አይሄዱም፤ እንዲያውም ከቅድስቲቱ ከተማ እየራቁ ነበር። ነገር ግን ሦስተኛ መንገደኛ በተጨመረ ጊዜ ከንግግራቸው አላገለሉትም፤ በመሸም ጊዜ እንዲያድር ግድ አሉት። እንጀራ ሲቈርስም ጌታ መሆኑን ዐወቁ። የሕንደኬ ጃንደረባም በጋዛ መንገድ በሰረገላው ተቀምጦ ሲያነብ፥ ፊልጶስን ወደ ሰረገላው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ምልክቱ ይህ ነው፦ የወዳጆች ደስታ ለሦስተኛው ሰው ስፍራ የሚተው ከሆነ ከእግዚአብሔር የሆነ ፍቅር ነው። ከእኛና ከእኛ በቀር ሌላ አይጠጋን የሚል ከሆነ ግን ራስን መውደድ ነው፤ በዘመድ ስም ቢጠራም ስሙ አይለውጠውም።

መንገድ ፍቅርን እንደሚያወጣ ሁሉ የተሸሸገውንም ክፋት ያወጣል። ዮሴፍ ከወንድሞቹ ጋር ታርቆ ወደ አባታቸው ሲያሰናብታቸው ስንቅና ልብስ ከሰጣቸው በኋላ በመንገድ እንዳይጣሉ መከራቸው። የተሸጠውን ወንድማቸውን ነገር ይዘው ያን ያህል መንገድ ሲሄዱ አንዱ በአንዱ ላይ ጥፋቱን እንደሚጭን ዐውቆ ነው። ጠበኛ መንገደኛ ያለበት ጉዞ ረጅም ነው። ወደ ቁልቢም ሆነ ወደ ግሸን ስለት አድርሶ፥ በመንገድ ግን ሚስቱን ሲያሳዝን፥ አገልጋዩን ሲያዋርድ፥ ልጁን ሲያስለቅስ የሄደ ሰው ደብሩን ተሳለመ እንጂ ደረሰ አይባልም።

ዮሴፍ ሌላም ነገር አደረገ፤ በፈርዖን ትእዛዝ ለአባቱ፥ ለሕፃናቱና ለሴቶቹ ሰረገላዎችን ላከ። ያዕቆብም የልጆቹን ወሬ ሰምቶ አላመነም ነበርና ሰረገላዎቹን ባየ ጊዜ መንፈሱ ታደሰ። በዚያ ጊዜ ዕድሜው መቶ ሠላሳ ዓመት ነበር። የሰረገላም የመኪናም ክብሩ ይህ ነው፤ በእግሩ ሊሄድ የማይችለውን ማምጣት። እኛ ግን «ትዘገይብናለች፥ ታስቸግረናለች» እያልን አሮጊቲቱን እናት ከቤት ትተን እንሄዳለን። ደካማ የሚቀርበት ፍጥነት ለምን ይጠቅማል? ሾፌርም ሲቸኵል ያስብ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ ይህ የተባለው ግን ለእህል ነው፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም አይለቀምም። ግማሽ ሰዓት ለማትረፍ ሲባል የቤተ ሰብ ሁሉ ሕይወት የጠፋበትን ገደል እያየን አናልፍምን?

ከዚህም ሁሉ በላይ መንገድ ሁልጊዜ የሚከፈትልን አይምሰለን። ያ ሰው እናቱን ይዞ ላሊበላን በተሳለመ በሦስተኛው ዓመት፥ በ2013 ዓ.ም.፥ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተነሣ። መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ልጅ የእናቱን ሞትና ሕይወት ሳይሰማ ብዙ ጊዜ የኖረበት አገር ሆነ። ጦርነቱም ወልድያንና ላሊበላን ሳይቀር አገኘ። የሰላሙ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ሲፈረም እናቲቱ በሕይወት አልነበሩም። ከእኅታቸው ጋር ሳይታረቁ ሊሞቱ ይችሉ እንደ ነበር እናስብ። መንገዱ በተከፈተበት፥ እናቲቱም በሕይወት በነበሩበት በእነዚያ ጥቂት ቀኖች ውስጥ የሆነው ሆነ። ወላጅ ያለው፥ መንገድም የተከፈተለት ሰው ሁለቱም ነገሮች በአንድ ጊዜ ለዘወትር እንደማይሰጡ ይወቅ።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ከወዳጆቻችሁ ጋር ለመንገድ ስትነሡ ስንቃችሁን ከማሰናዳታችሁ በፊት ቂማችሁን አራግፉ፤ ይቅር ሳትባባሉ አትነሡ። ጉዞው ስትጨርሱ የሚጀመር በረከት የለውም፤ ከደጃፋችሁ ጀምሮ በረከት ነውና ከደጃፋችሁ ጸልዩ። የመንገዱን ፍጥነት የሚወስነው ከመካከላችሁ ደካማው ይሁን። ስልካችሁን ለሚያስፈልግ ነገር እንጂ ከአጠገባችሁ ካለው ሰው ለመሸሽ አትያዙት። የጸሎትና የዝምታ ጊዜ፥ የጨዋታም ጊዜ ይኑራችሁ። ሽማግሌዎቻችሁን ስለ ቦታዎቹ ስም፥ ስለ ሞቱትም ዘመዶቻችሁ ጠይቋቸው፤ ሲመልሱም አታቋርጧቸው። ዘመድ የሌለውን ጎረቤት ብታውቁ አንድ መቀመጫ ተዉለት፤ ስንቃችሁም ባለፈው መንገደኛ ፊት አይሸሸግ።

እኛ ካህናትም ይህ ይመለከተናል። ምእመናንን ለመሳለም ስናስነሣ የደብሩን ታሪክና የበዓሉን ክብር እንነግራቸዋለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን አብረው የሚሄዱት ሰዎች በመንገድ ለእርስ በርሳቸው ምን እንደሚሆኑ ልናስተምራቸው ይገባናል። ከንስሐ አባትነታችን ሥራ አንዱ ክፍል ይህ ነውና። አንድ ቤተ ሰብ ሁለት ቀን አብሮ ሲጓዝ የሚፈታው ቋጠሮ እኛ በአንድ ዓመት ምክር ያልፈታነው ሊሆን ይችላል።

የመንገዳችንን ርዝመት የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። አብረውን የሚሄዱትን የሰጠን እርሱ ነው፤ የሚወስዳቸውም በራሱ ሰዓት ነው። እኛ የምንችለው በአጠገባችን ሳሉ እንዳሉ ማወቅ ነው። ለጦብያ መልአኩን የላከ፥ ከሁለቱ መንገደኞች ጋር ወደ ኤማሁስ የሄደ አምላክ በመንገዳችን ሁሉ አይለየን፤ የተዘጋውን መንገድ ይክፈት፤ የተለያዩትን ያገናኝ፤ በሚመጣው ዓለምም ከምንወዳቸው ጋር በአንድነት በቀኙ ያቁመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።